በአንድ ሰዓት ምን ማስተማር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ በሚካሄድ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) አፍቃሪዎች ዝግጅት ላይ፣ በኮስፕሌይ ልብሴ (የፊልም ገጸ ባሕርይ በሚያስመስል ልብስ) ከመገኘቴ ሌላ፣ የጦር ልብስ ከፎም (ከስፖንጅ መሰል ንጣፍ) እንዴት እንደሚሠራ ለ15 ሰዎች እንዳሳይ ተጠይቄአለሁ። የተሰጠኝ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የትከሻ ጋሻ ማሠራት እችል ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የትከሻ ጋሻ በአንድ ሰዓት አያልቅም፤ እኔ ሞክሬ ማስቲሹ ሳይይዝ ጊዜው አልቆብኛል። የእጅ አንጓ መከላከያ አሠሪያቸው፤ ፎሙንም ቤትሽ ቆርጠሽ ውሰጂ። በመጀመሪያ አሙቀሽ አጉብጪው፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። የማስቲሽ ትነት በእሳት ስለሚያያዝ፣ ቆርቆሮው የሚከፈተው ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላ ብቻ ይሁን። ማስቲሹ በሁለቱም ጠርዞች ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ በጣት ሲነካ እስከማይነሣ ድረስ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ በእርጥቡ የተገጠመ ጠርዝ ፎሙ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል።

ሌላ መልስ፦ የአዳራሹ መስኮቶች መከፈታቸውን አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ የማስቲሽ ሽታ ራስ ያዞራል። የኮስፕሌይ ልብስሽን በሚኒባስ ታክሲ ለብሰሽ አትምጪ፤ በፌስታል ይዘሽ እዚያው ልበሺ። በምታስተምሪበት ሰዓት ግን የእጅ ጓንቱን አውልቂ፤ ተማሪዎቹ ማየት የሚፈልጉት ጣቶችሽን ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ 30 የአንጓ ቁራጭ መቁረጥ እጀምራለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መለዋወጫ ይኖረዋል።