የዕቁብ ዕጣ፣ መኪና እና ክሬዲት፦ ለአዲስ ገቢ

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። በዲቪ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር የሚጣልበት የ24 ሰው ዕቁብ ውስጥ ነኝ። ስድስተኛው ዕጣ ስለወጣልኝ 12,000 ዶላር በጥሬው እቀበላለሁ፤ መኪና ልገዛበት አስቤያለሁ። ዲለሩ (መኪና ሻጩ) «ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክ፣ ስለሌለህ ወለዱ 18 ከመቶ ነው፣ አለዚያ የሚፈርምልህ ሰው አምጣ» ይላል። ገንዘቡን ባንክ ሳስገባ ደግሞ «10,000 እንዳያልፍ ከፋፍለህ አስገባ» የሚሉኝ አሉ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ ከባንኩ ልጀምር፤ አስቸኳዩ እሱ ነው። አደራህን፣ ገንዘቡን አትከፋፍለው። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት የሚልከው ፎርም አለ። መታወቂያህን፣ አድራሻህን፣ ሶሻልህን (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን) እና ሥራህን ይጠይቁህና ይሞሉታል። ፎርሙ በራሱ ግብርም ቅጣትም አያመጣብህም። ወንጀል የሚሆነው ፎርሙን ለመሸሽ ብሎ ዛሬ 6,000 ነገ 6,000 ማስገባት ነው፤ ገንዘቡ የላብህ ውጤት ቢሆን እንኳ ያስጠይቃል። ከየት መጣ ካሉህ እንዳለ ንገራቸው፦ አባላት እኩል እያዋጡ በየተራ የሚወስዱት ቁጠባ ነው። ስምህን፣ የጣልከውን መጠንና ዕጣ የወሰድክበትን ቀን የያዘ ወረቀት የዕቁቡ ጸሐፊ ፈርሞ ይስጥህ፤ እሱን አስቀምጥ።

ሌላው፣ 12,000ውን እንደ ሀብት አትቁጠረው። እስከ ስድስተኛው ዙር የጣልከው 3,000 ነው፤ የቀረው 9,000 ወለድ የሌለው ዕዳ ነው። ገና 18 ዙር፣ ማለትም 36 ሳምንት ትጥላለህ። ሁሉንም መኪና ላይ ካፈሰስከውና ሥራ ከተጓደለ መጀመሪያ የሚጨነቀው ዋስህ ነው። ቢያንስ የሦስት ዙር፣ 1,500 ዶላር፣ ሳትነካው አስቀምጥ።

መልስ፣ ከዳላስ

በተባለው ላይ ስለ መኪናው ልጨምር። ዲለር ዘወትር የሚጠይቅህ «በወር ስንት ትችላለህ?» ብሎ ነው። አንተ ጠቅላላውን ጠይቅ። 15,000 ዶላር በ18 ከመቶ ለ72 ወር ብትበደር በወር 342 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ፤ ወለዱ ብቻ 9,600 አካባቢ ይሆናል። ያው 15,000 በ7 ከመቶ ለ60 ወር ቢሆን ወርሃዊው 297፣ ወለዱ 2,800 ገደማ ነው። በወር የ45 ዶላር ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታያል፤ በመጨረሻ ግን ከ6,700 ዶላር በላይ ነው። በብድር ስትገዛ ደግሞ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ ያስገድድሃል፤ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ይህ ውድ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ከ7 እስከ 8 ሺህ ዶላር የሚያወጣ መኪና በጥሬ መግዛት ይሻልሃል። ሳትከፍል በፊት ግን ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ሊፍት ላይ አውጥቶ ይየው።

አስፈርም የተባልከውን ተወው። እዚህ ፈራሚው የሙሉው ብድር ባለዕዳ ነው፤ ብድሩ በእሱም ክሬዲት ላይ ይመዘገባል። አንተ 30 ቀን ብታሳልፍ የሁለታችሁም ስም ይጎዳል፣ ምልክቱም ሰባት ዓመት ይቆያል። አንተ በትክክል ብትከፍል እንኳ ፈራሚህ ቤት ሊገዛ ሲል ያንተ መኪና እንደ እሱ ዕዳ ይቆጠርበታል። በዚህ የተቀያየሙ ዘመዳሞች ጥቂት አይደሉም።

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ

ዕቁብ ለክሬዲት አይቆጠርም። የቱንም ያህል በሰዓቱ ብትጥል የክሬዲት ታሪክ የሚመዘግቡት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ አያዩትም። ስለዚህ ከዕጣው 300 ዶላር አውጥተህ በመያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ክፈት። የምታስይዘው ገንዘብ የካርዱ ጣሪያ ይሆናል፤ ካርዱን በደህና ስትዘጋው ወይም ወደ መደበኛ ሲቀየርልህ ይመለስልሃል።

ካርዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አድርግ፣ ለምሳሌ የስልክ ሂሳብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ቀኖች ሲያምታታ ነው። ስቴትመንት (የወሩ ሂሳብ መግለጫ) የሚዘጋበት ቀን አለ፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ቢያንስ 21 ቀን ዘግይቶ ይመጣል። ለክሬዲት ድርጅቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው በመዝጊያው ቀን የሚታየው ቁጥር ነው። የ300 ዶላር ካርድ ላይ 250 ተጠቅመህ በመክፈያው ቀን ሁሉንም ብትከፍል ወለድ የለብህም፤ ነገር ግን ካርዱን የሞላህ መስለህ ትታያለህ። ከመዝጊያው ሦስት ቀን ቀደም ብለህ ከ90 ዶላር በታች፣ ቢቻል ወደ 30 አውርደው። አውቶፔይ (በየወሩ በራሱ የሚከፈል) ስታስገባ «ሚኒመም» (ትንሹን ክፍያ) ሳይሆን «ስቴትመንት ባላንስ» (የመግለጫውን ሙሉ ሂሳብ) የሚለውን ምረጥ። «ክሬዲት እንዲያድግ ትንሽ ዕዳ ተው» የሚለው ወሬ ስህተት ነው፤ ወለድ ከማስከፈል በቀር ምንም አይጠቅምህም።

የፋይኮ ነጥብ (አበዳሪዎች የሚያዩት የክሬዲት ውጤት) ለመውጣት ቢያንስ የስድስት ወር ታሪክ ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ለካርድም ለብድርም አምስት ቦታ አታመልክት።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሶሻሌ ላይ የአባቴ ስም «ወልደ ማርያም» ተብሎ በሁለት ቃል ነው የተጻፈው። የባንክ ካርዴ ላይ ግን አንድ ላይ ነው። ችግር አለው?

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ

አለው፣ ደግሞም የእኛ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። አንዱ ጋ «ወልደ» መካከለኛ ስም ይሆንና «ማርያም» የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ ሌላው ጋ ሁለቱ ተገጥመው ይጻፋሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ የአያትህን ስም ይጨምራል። ያኔ ታሪክህ ለሁለት ፋይል ሊከፈልና ማመልከቻህ «ማንነቱ አልተረጋገጠም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ካርዱን ከማመልከትህ በፊት ሶሻል ካርድህንና ፓስፖርትህን ይዘህ ባንኩ ቅርንጫፍ ሂድና ስሙን ፊደል በፊደል እንደ ሶሻልህ አስተካክል። የኪራይ ውልህንና የሥራ ቦታህን መዝገብም እንደዚያው። ከስድስት ወር በኋላ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ገብተህ የሦስቱንም ሪፖርት በነጻ አውጣ፤ በየሳምንቱ ይፈቀዳል። መጀመሪያ ስምህንና የቆዩ አድራሻዎችህን አንብብ፤ የማታውቀው አድራሻ ካየህ የሌላ ሰው ፋይል ተቀላቅሎብህ ሊሆን ስለሚችል እዚያው «ዲስፒዩት» (ስህተት ነው ብሎ መቃወሚያ) የሚለውን ተጭነህ አስታውቅ።