የሩጫ ሰዓቴ መንገዱን አጣሞ ይስለዋል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጅማ ነው ያለሁት። ጠዋት ጠዋት ከአዌቱ ወንዝ ዳር ተነስቼ ወደ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ዳገቱን እሮጣለሁ። ሰዓቴ ግን ካርታው ላይ ከአስፋልቱ አስወጥቶ ሰው ግቢ ውስጥ ያስገባኛል። ትናንት ደግሞ የመጀመሪያውን ኪሎሜትር ጭራሽ አልመዘገበም። ሪስታርት አድርጌዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ለውድድር እየተዘጋጀሁ ስለሆነ ፍጥነቴን በትክክል ማወቅ አለብኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከቤት እንደወጣህ ነው መሮጥ የምትጀምረው? መጀመሪያ ገላጣ ቦታ ቆመህ ጂፒኤሱ እስኪይዝ ጠብቅ። ቦታህን በደንብ ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ማግኘት አለበት፣ የያዘው የሳተላይት መረጃ ካረጀ ደግሞ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ከስልክህ ጋር ካገናኘኸው ስንት ቀን ሆነው?

ጠያቂ፦
ከሳምንት በላይ። የስልኬ ባትሪ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግረኝ ብሉቱዙን አጥፍቼው ነበር።

መልስ 1፦
በቃ እሱ ነው! ማታ አገናኘው፣ ኢንተርኔት ክፈትና መረጃውን ያድስ።

መልስ 2፦
የሰዓቱን ባትሪ መቆጠቢያም እይ። እሱ ከበራ ቦታህን አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመዘግብ ኩርባውን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ርቀቱም ያንሳል። ጋሊሊዮ ወይም ግሎናስ (እንደ ጂፒኤስ ያሉ ሌሎች የሳተላይት ሥርዓቶች ናቸው) የሚል ምርጫ ካለው አብራው።

ጠያቂ፦
ዛሬ ሜዳው ላይ 2 ደቂቃ ያህል ቆሜ ጠበቅኩና ጀመርኩ፣ መስመሩ አስፋልቱን ይዞ ሄደ። ዳገቱ ላይ ዛፎቹ ጋ ብቻ ትንሽ ወጣ ብሏል። ተባረኩ!