ኤርትራ ውስጥ ናቅፋ ላይ የደርግ ጦር ለምን ያን ሁሉ ዓመት ቆመ?

ማኪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ በናቅፋ ግንባር በተሰለፈው የመንግሥት ጦር፣ ናደው ዕዝ ውስጥ ነበር፤ አልተመለሰም። በ1974 ሻዕቢያን ለመደምሰስ ስለተከፈተው ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መንግሥት ታንክ ነበረው፣ ሚግ ነበረው፣ የሰው ኃይልም አላነሰውም። ታዲያ ከ1971 እስከ 1980 አንዲት ትንሽ ከተማ መያዝ እንዴት አቃተው? እዚያ የነበራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሬዲዮ ኦፕሬተሩ፦
ልጄ፣ አጎትህን ነፍስ ይማር። እኔ የናደው ዕዝ ዋና ሰፈር ከነበረችው ከአፍአበት ወደ ፊት ባለው መስመር ሬዲዮ ላይ ነበርኩ። “ወታደሩ አልተዋጋም” የሚሉህን አትስማ። በ1974 ለተራራ ውጊያ ተብለው የሰለጠኑ ክፍለ ጦሮች ሽቅብ እየወጡ ነው ያለቁት።

ሻዕቢያ የደንደንን ተራራና ዙሪያውን ያሉትን ገዥ መሬቶች ቀድሞ ይዟል። ድንጋዩን ፈልፍሎ ምሽግን ከምሽግ አያይዟል። ከታች ስትወጣ ያይሃል። ታንክ ገደል አይወጣም። ሚግ ቢደበድብም ሰዎቹ መሬት ውስጥ ናቸው።

ስለ ምሽጉ ሁሉም ያወራል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መንገዱ ነው። ውሃው፣ ኮቾሮው (ደረቅ ስንቁ)፣ የመድፍ ጥይቱ፣ ቁስለኛው፣ ደብዳቤው፣ ሁሉም ከከረን በመስሃሊት በኩል አፍአበት በሚደርሰው መንገድ ነበር የሚመላለሰው። ከአፍአበት ወዲያ ደግሞ የሰው ጀርባ ነው። አንድ ጉብታ በስንት ደም ትይዛለህ። ሌሊት ውሃና ጥይት ካልወጣልህ ጠዋት መልሶ ማጥቃት ይመጣና ትለቀዋለህ። በሬዲዮ “ይዘናል” ሲሉኝ ደስታዬ ብዙ አይቆይም ነበር። የሚቀጥለውን መልእክት አውቀዋለሁ፤ “ውሃ ላኩልን”።

ከዚያ መቀመጥ ነው። መሐላችን ፈንጂ። አንዳንድ ቦታ ከማዶ ሲያስሉ ይሰማናል። የቤት ፈቃድ ብርቅ ነው። ጢም ሳያወጣ የመጣ ልጅ እዚያው ምሽግ ውስጥ ጎልማሳ ሆነ። ሳይተኮስበትም ሰው ያልቃል።

ደረጀ፦
ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። በ1976 ሌላው የመንግሥት ጦር፣ ውቃው ዕዝ፣ አልጌና ግንባር ላይ ሲደመሰስ አደጋው ለሁሉም ታይቶ ነበር። በ1980 ደግሞ የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ አፍአበት ተያዘ። የጠላት ጥቃት በሚጠበቅበት ሰዓት ግንባሩን የሚያውቅ አዛዥ መግደል ለእኔ ይቅር የማይባል ነው።

ሳባ፦
አባቴም እናቴም ማዶ፣ በሻዕቢያ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ጋሼ፣ እኛም ወገን ውሃ በትከሻ ነው የወጣው። ስንቁ ከሱዳን በኩል በመኪና ይመጣ ነበር፤ ያውም በሌሊት ብቻ፣ ቀን ሚግ ስለሚያየው። እናቴ ዛሬም የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ቀና ብላ ሰማዩን ትፈልጋለች።

የሬዲዮ ኦፕሬተሩ፦
ሳባ ልጄ፣ ወላጆችሽን ሰላም በይልኝ። ከልቤ ነው።

ማኪ፣ በመጨረሻ ያ የከረንና የአፍአበት መንገድ ዓዲ ሽሩም ላይ ተዘጋ። ፊት ያሉት ተሽከርካሪዎች ሲመቱ ከኋላ የነበረው ታንክና ቢኤም (ሮኬት ተኳሹ) በጠባቡ መተላለፊያ ተሰልፎ ቀረ። ከዚያ እንዳይማረክ ተብሎ የራሳችን አየር ኃይል ደበደበው። እዚያ የቀሩ ብዙ ናቸው። የአጎትህን ክፍለ ጦርና ብርጌድ ካወቅህ እዚሁ ጻፍልኝ። አሁንም የምንደዋወል የድሮ ጓዶች አለን፤ እጠይቅልሃለሁ።