ፕሪንተሩ «ደብዳቤ አምጪ» ይለኛል፤ ምን ልስጠው?

ባለ ኮፒ ቤቷ፦

እንደምን ዋላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የኮፒ ማሽን፣ አንድ ደግሞ በጨረታ የገዛሁት አሮጌ ሌዘር ፕሪንተር። ፕሪንተሩ ዕድሜው ቢገፋም ጉልበቱ አልደከመም፤ በቀን አንድ ደስጣ ወረቀት ቢሰጡት ያለ ማጉረምረም ይጨርሳል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ቨርጂኒያ ያለች ልጃቸው በስልክ የላከችላቸውን ባለ ሦስት ገጽ የውክልና ረቂቅ እንዳትምላቸው ነው። ፋይሉን ከፍቼ እንዲታተም አዘዝሁ። ፕሪንተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ፤ ብርቱካንማ መብራት በራ። በትንሿ መስኮቱ ላይ «ፒሲ ሎድ ሌተር» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ።

እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ቢሆንም እነዚህን ሦስት ቃላት እንኳ አላጣቸውም። ፒሲ ኮምፒውተር ነው። ሎድ መጫን ነው። ሌተር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን እኮ ልኬለታለሁ! ደግሜ ላክሁ፤ ያው ነው። ረዳቴ ደግሞ ሌተር ማለት ፊደልም ነው ብላ የአማርኛ ፊደሉን ከኮምፒውተሩ አጥፍታ እንደገና ጫነች። አንድ ሰዓት በዚህ ሄደ። ወረቀት ጎደለ እንዳልል ትሪው ሞልቷል። ቶነሩን፣ የቀለም ዱቄቱን ዕቃ ማለቴ ነው፣ አውጥቼ ወዘወዝሁት (ቶነር መወዝወዝ በእኛ ሙያ እንደ ጠበል ነው፤ ስሙ ላልታወቀ በሽታ ሁሉ ይሞከራል)። በጣም ያናደደኝ ግን፣ የእናትየዋን ፋይል ሰርዤ የሌላ ደንበኛ ማመልከቻ ስልክበት ወዲያው ማተሙ ነው። ቂሙ ከእርሳቸው ወረቀት ጋር ብቻ ነው።

እናትየዋ «ልጄ፣ ምን አለ?» ይሉኛል። «ደብዳቤ አምጪ ይላል» ስላቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ከቀበሌ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ አወጡልኝ። እንዳልስቅባቸው እኔም ለአፍታ ላስገባው አስቤ ነበር።

ነገ ጠዋት ይመለሳሉ። ምን እንደጎደለው የሚያውቅ አለ? ደግሞስ ማሽኑ የሚፈልገውን ካወቀ ለምን በግልጽ አይናገርም?

ጠጋኙ፦

እኅቴ፣ ፕሪንተርሽ ጤነኛ ነው። ቅኔ ነው የዘረፈብሽ፤ ሰሙ ደብዳቤ፣ ወርቁ ወረቀት።

እዚህ ላይ «ፒሲ» ኮምፒውተር አይደለም፤ «ፔፐር ካሴት» የሚለው በአጭሩ ሲጻፍ ነው፣ ትሪው ማለት ነው። «ሌተር» ደግሞ የወረቀት መጠን ስም ነው። አሜሪካና ካናዳ የሚሠሩበት ወረቀት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌተር ይባላል። የእኛ ኤፎር 210 በ297 ነው። የእነርሱ ትንሽ ይሰፋል፣ በ18 ሚሊ ሜትር ግን ያጥራል። ልጅቷ ቨርጂኒያ ሆና ስትጽፈው ገጹ በዚያ አገር ልክ ተሰናድቷል። ፕሪንተሩም «ትሪው ላይ ሌተር ወረቀት አድርጉልኝ» እያለ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከየት ይመጣል!

የወርድ ፋይል ከሆነ የገጹን መጠን ወደ ኤፎር ለውጪው። ጽሑፉ ከገጽ ወደ ገጽ ስለሚንሸራተት የፊርማው ቦታ ከስሙ እንዳይለያይ ተመልከቺ፤ ውክልና ነውና። ፒዲኤፍ ከሆነ ከማተምሽ በፊት ከወረቀቱ ልክ ጋር የሚያመጣጥነውን ምርጫ ንኪ። ከቸኮልሽ ብዙዎቹ አሮጌ ፕሪንተሮች «ኮንቲኒው» የሚለው ቁልፍ ሲጫን ባላቸው ወረቀት ያትማሉ።

ቶነሩን ግን ተዪው። ሊያልቅ ሲል ካልሆነ መወዝወዙ አይጠቅምም።

የሌሊት ተረኛ፦

እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝና ከተከሳሾቹ ወገን ልናገር። በዚያ ዘመን ፕሪንተር መስኮት ላይ ከአሥራ ጥቂት ፊደላት በላይ አይገባም ነበር፤ ስለዚህ ጨመቁት። ለእነርሱስ ምክንያት አላቸው። እኛ ግን ሰፊ ስክሪን ይዘን የባሰ እንጽፋለን። በዊንዶውስ 80004005 የሚል የስህተት ቁጥር አለ። ይህን ያህል አኃዝ የተደረደረለት ነገር አንድ ቁም ነገር ይናገራል ብላችሁ ትርጉሙን ብትፈልጉ የምታገኙት «ያልተገለጸ ስህተት» የሚል ነው።

የራሴንም ልናዘዝ። ለአንድ የቁጠባ ማኅበር በሠራሁት ፕሮግራም ውስጥ፣ ከዘጠኝ ዓይነት ጥፋቶች የትኛውም ቢደርስ «ችግር ተፈጥሯል፤ ቆይተው ይሞክሩ» እንዲል አደረግሁ። መሽቶ ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንድ አዛውንት ስልክ ቁጥራቸውን በመካከሉ ክፍተት እየተዉ ያስገቡ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እንደታዘዙት፣ ቆይተው ሞከሩ። ፕሮግራሙ ጥፋቱ ክፍተቱ መሆኑን ያውቃል፤ እኔ ነኝ እንዳይናገር አፉን የዘጋሁት።

አንድ ቦታ ግን ሆን ተብሎ ይደበቃል። «የተጠቃሚው ስም ወይም የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» ብሎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የማይነግራችሁ፣ ሌባ ትክክለኛውን ስም እንዳይለይበት ነው። በዚያስ አትቀየሙን።

አላፊ አግዳሚ፦

የቀበሌውን ደብዳቤ አስገብታው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ጠጋኙ፦

በላዩ ላይ ውክልናውን ያትምበት ነበር።

ባለ ኮፒ ቤቷ፦

ጠጋኙ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ወደ ኤፎር ለወጥሁት። ሦስተኛው ገጽ አናት ላይ የነበሩት ሁለት መስመሮች ወደ ሁለተኛው ወጡ፤ ፊርማው ከስሙ አልተለየም። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ትናንት የሄደውን ጊዜ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

እናትየዋ ሦስቱን ገጽ ተቀብለው ፕሪንተሩን እንደ በግ ጀርባ መታ መታ አደረጉትና «ደብዳቤውን ተወው?» አሉኝ። «ትቶታል» አልኋቸው።

ከመስኮቱ በላይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ፦ «ሌተር ካለ ገጹን ወደ ኤፎር ለውጪ። ደብዳቤ አይደለም።» ረዳቴ ከሥሩ በእርሳስ «ፊደልም አይደለም» ብላ ጨምራበታለች።