ያገለገለ የቦዲ ኮንትሮል ሞጁል ገዝቼ ብቀይር ይሠራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመኪናዬ ፍሬቻ አንዳንዴ በራሱ ይበራል። የበሩ መስታወት አልወርድ ይላል። የዝናብ መጥረጊያው ደግሞ ካጠፋሁትም በኋላ ይሠራል። ጋራዥ ሳሳየው «ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የቦዲ ኮንትሮል ሞጁል (መብራቱን፣ መስታወቱንና መጥረጊያውን የሚያዘው ኮምፒውተር) ተቃጥሏል፣ ቀይረው» አሉኝ። ያገለገለ አግኝቻለሁ። ነቅዬ ብተካው ይሠራል?

መልስ 1፦
ዝም ብለህ እንዳትተካው። ብዙ መኪና ላይ ሞጁሉ የሻሲ ቁጥሩንና የቁልፉን ኮድ ይይዛል። ከሌላ መኪና የወጣ ከሆነ ቁልፍህን አያውቀውም፣ ሞተሩም ላይነሳ ይችላል። ላዩ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ መሆኑንም እይ።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነው። ከመግዛትህ በፊት እባክህ ይህን አድርግ። «ሞጁሉ ሞቷል» ተብሎ እኔ ጋ ከሚመጣው ብዙው ሞጁሉ ደህና ነው።

መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ባትሪውን ለካ፤ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ቀጥሎ ማሳውን፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር። ማሳ የላላበት ሞጁል ልክ አንተ እንደጻፍከው ያደርገዋል፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይበራል። የመልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞጁሉ ማሳ ሽቦ ላይ አድርግ። መብራቱንና መጥረጊያውን አብርተህ ለካ። ከ0.1 ቮልት ብዙ ካለፈ ሽቦውን ወይም የታሰረበትን ብሎን ተከተል።

ከዚያ ሶኬቶቹን እይ። መጀመሪያ ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፤ ኤርባጉ ኃይል ይዞ ይቆያል። ቢጫ ሶኬት ካየህ አትንካው። ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይመጣል። ያ ሳይስተካከል አዲስ ብታስገባ እሱም ይበላሻል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ አሮጌውን አትጣለው። ውስጡ ያለው መረጃ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ፕሮግራም ሲደረግም ባትሪው ላይ ቻርጀር ይኑር፤ መሃል ላይ ቮልቴጁ ከወረደ ሞጁሉ እዚያው ሊሞት ይችላል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሶኬቱን አየሁት፣ ዳር ያሉት ፒኖች አረንጓዴ ናቸው። ምንጣፉም ከሥሩ እርጥብ ነው። ግዢውን ለጊዜው ትቼዋለሁ። በምን ላጽዳው?

መልስ 2፦
በኤሌክትሪክ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ። በሹል ነገር እንዳትፍቀው። በደንብ ሳይደርቅ ባትሪውን አትመልስ። ሞጁሉንም ክፈተውና የቦርዱን ፎቶ ለጥፍልን።