ጥያቄና መልስ፦ 140 ራውተሮችን አንድም ቅርንጫፍ ሳይጨልም ማዘመን

ጥያቄ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በወሎ የተበተኑ የ140 ቅርንጫፎችን ኔትወርክ እከታተላለሁ። ሁሉም ጋ ያለው በአይ ኦ ኤስ ኤክስ ኢ (የኩባንያው የራውተር ሶፍትዌር) የሚሠራ የሲስኮ ራውተር (ቅርንጫፉን ከቀሪው ኔትወርክ የሚያገናኝ መሣሪያ) ሲሆን፣ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን አዲስ ሶፍትዌር መጫን አለብን። እስካሁን አንድ በአንድ እየገባን 500 ሜጋባይት የሚሆነውን ፋይል በቲ ኤፍ ቲ ፒ (ቀላል የፋይል መላኪያ ስልት) እንልካለን፤ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠን ሁለት ወይም ሦስት ብንጨርስ ነው። ባለፈው ሳምንት የመካነ ሰላሙ ራውተር እንደጠፋ ቀረ። ጎህ ሲቀድ የኮንሶል ገመዴን (ላፕቶፕን በቀጥታ ከራውተር የሚያገናኘውን) ይዤ ተሳፈርኩ። ስደርስ ደንበኞች ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ራውተሩ ሮሞን (ሶፍትዌሩን ማስነሳት ሲያቅተው የሚገባበት የማዳኛ ሁኔታ) ላይ ቆሟል። ፋይሉ ሳያልቅ ነበር ዳግም እንዲነሳ ያዘዝነው። አንሲብል (ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ የሚያዝ ፕሮግራም) መማር ጀምሬአለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም እንዳላጠፋ እፈራለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፣ ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። መጀመሪያ ቲ ኤፍ ቲ ፒን ተው። በተለመደው አሠራሩ 512 ባይት ይልክና «ደርሶኛል» እስኪባል ይጠብቃል። መልእክት ደርሶ መልስ እስኪመለስ 40 ሚሊ ሰከንድ በሚፈጅ መስመር ላይ በሰከንድ ከ13 ኪሎባይት አያልፍም፤ የአንተ ፋይል ወደ 11 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። የመስመሩ ስፋት አይደለም፣ ጥበቃው ነው ሌሊትህን የሚበላው። ድረ ገጾች በሚላኩበት በኤች ቲ ቲ ፒ ላክ።

ከዚያ ሥራውን ለሁለት ክፈለው። ፋይል ማድረስ አንድ ሥራ ነው፤ ሳምንት ቢፈጅም ማንንም አያቋርጥም። ዳግም ማስነሳት ሌላ ሥራ ነው። በመካከላቸው ስክሪፕቱ (ትእዛዞቹን በራሱ የሚያስኬደው ጽሑፍ) የፋይሉን ኤም ዲ 5 አሻራ (ፋይሉ ሳይጎድል መድረሱን የሚያሳየውን ኮድ) አምራቹ ካወጣው ጋር ያመሳክር፤ ያልተመሳሰለው ራውተር ወደ ሁለተኛው ሥራ አይግባ። ይህ ቢኖር ኖሮ መካነ ሰላም ባልሄድክ ነበር።

መልስ 2፣ ከደሴ

እኔ ደግሞ መቆም የሚያውቅ ስክሪፕት እንድትጽፍ አጥብቄ እመክርሃለሁ። አንሲብል ውስጥ «ሲሪያል» በሚለው (በአንድ ዙር ስንት ራውተር እንደሚነካ በሚወስነው) መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 20 ብለህ መድብ፤ «ማክስ ፌይል ፐርሰንቴጅ»ን (የሚፈቀደውን የውድቀት መቶኛ) ዜሮ አድርገው። አንዱ ከወደቀ ቀሪው አይነካም። የመጀመሪያው በቀላሉ የምትደርስበት ይሁን፤ ኮምቦልቻ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

«ሾው ቨርዥን» የሚለው ትእዛዝ በሚያሳየው ላይ የምስሉ (የሶፍትዌር ፋይሉ) ስም ፓኬጅስ ዶት ኮንፍ ከሆነ ራውተሩ በኢንስቶል ሞድ (ሶፍትዌሩ በፓኬጆች ተከፋፍሎ በሚጫንበት አሠራር) ነው የሚሠራው። እንዲህ ከሆነ «ኢንስቶል አክቲቬት» (አዲሱን አስነሳ) ብለህ «ኢንስቶል ኮሚት» (አጽድቅ) ካላልክ በ120 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር ይመለሳል። ስለዚህ ኮሚቱን አትቸኩልበት። ከማስነሳትህ በፊት የጎረቤት ራውተሮችንና የመንገዶችን ብዛት መዝግብ፤ ሲነሳ አመሳክር፤ ልክ ሲሆን ብቻ አጽድቅ። ፒንግ (አለህ ወይ የሚል የሙከራ መልእክት) መለሰ ማለት ቅርንጫፉ ሠራ ማለት አይደለም። በኢንስቶል ሞድ ያልሆኑትን ግን ሰው ቦታው ላይ ሳይኖር አትንካ።

መልስ 3፣ ከሐይቅ

ሰዓቱን ተጠንቀቅ። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለማለት የሰርቨሩ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ላይ 8 ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረውና ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው የዓለም ሰዓት፣ በዩ ቲ ሲ ነበር፤ ራውተሮቹ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ገበያው በደመቀበት፣ ተራ በተራ ጠፉ። የሚያስፈልገኝ በዩ ቲ ሲ የዋዜማው 23 ሰዓት ነበር። እስከ ዛሬ ከማዘዜ በፊት በወረቀት እጽፈዋለሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) የሌላቸውን ቅርንጫፎችም ለብቻ መድብ፤ መብራት በመሀል ከሄደ የትኛው ጥፋት የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ጠያቂው፣ ከአሥር ቀን በኋላ

እግዜር ይስጥልኝ፤ እህቴ፣ በተለይ መቆም ስለሚያውቀው ስክሪፕት የሰጠሽኝ ምክር ረድቶኛል። ፋይሉ በአራት ሌሊት 131 ራውተሮች ላይ በትክክለኛ አሻራ ደርሷል። የኮምቦልቻው በሰላም ተነሳ። ከአምስቱ ሦስተኛው ላይ ስክሪፕቱ ቆመ፦ ፍላሹ (የራውተሩ ፋይል ማስቀመጫ) በአሮጌ ፓኬጆች ሞልቶ ለመጫን ቦታ ጠፍቶ ነበር። ራውተሩ ግን ሥራውን አላቋረጠም። በ«ኢንስቶል ሪሙቭ ኢንአክቲቭ» አጽድቼ ቀጠልኩ፤ አሁን የፍላሽ ቦታ መመርመርን ከሁሉ በፊት አስገብቼዋለሁ። ዛሬ ሌሊት የሃያዎቹ ተራ ነው። የቀሩትን ዘጠኝ፣ ገመዴን ይዤ ራሴ እሄድባቸዋለሁ።