በእንግሊዝ የጉምሩክ መዝገብ ላይ ያለው የዕቃ ዋጋ ለምን አይለወጥም?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የእንግሊዝን የ18ኛው መቶ ዓመት የውጭ ንግድ የሚያሳይ ግራፍ እያዘጋጀሁ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የያዝሁት ከ1697 እስከ 1780 ያለውን የገቢና የወጪ ንግድ መዝገብ ነው። በየአገሩ ሥር የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑና በፓውንድ፣ በሽልንግና በፔኒ የተሰላው ዋጋ፣ የለንደን ለብቻ፣ የሌሎቹ ወደቦች ለብቻ ሆኖ ሰፍሯል። ይሁንና ዋጋውን ለመጠኑ ሳካፍል፣ ጦርነት ቢሆን ሰላም፣ ለብዙው ዕቃ ከዓመት ዓመት ያው ውጤት ይወጣል። በሌላ ሰንጠረዥ ደግሞ ከ1784 በኋላ የሻይ ገቢ በድንገት ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ስሕተቱ የእኔ ነው ወይስ የመዝገቡ?

መልስ 1፦
ስሌትዎ ትክክል ነው። በ1696 የገቢና የወጪ ንግድ ዋና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ለየዕቃው ተመን ወጣለት፤ ይህም ተመን በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከረጋ በኋላ ገበያው ቢወጣም ቢወርድም እምብዛም ሳይነካ ከመቶ ዓመት በላይ አገለገለ። ጨርቅ በክንድ፣ ወይን በበርሜል ስለሚለካ ሁለቱን መደመር አይቻልም፤ ተመኑ አንድ ላይ ለመደመር አስቻለ። ስለዚህ «ዋጋ» የተባለው ዓምድ በእውነቱ የመጠን መለኪያ ነው። የንግድ ሚዛን ትርፍና ጉድለት ከእሱ እንዳያወጡ አደራ እላለሁ። ነጋዴው ራሱ የገለጸው ዋጋ ለወጪ ንግድ መመዝገብ የጀመረው በ1798 ሲሆን፣ የገቢ ንግድ ግን የጊዜውን ዋጋ ያገኘው በ1854 ነው።

መልስ 2፦
ስለ ሻዩ ልጨምር። እስከ 1784 ድረስ በሻይ ላይ የነበረው ቀረጥ 119 በመቶ ገደማ ስለነበር፣ ብዙው ሻይ በሌሊት በጀልባ በየባሕር ዳርቻው በኮንትሮባንድ ይገባ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ፒት ቀረጡን ወደ 12.5 በመቶ አወረደውና የጎደለውን ገቢ በቤት መስኮት ግብር ተካው። ስለዚህ ያዩት ዕድገት በአብዛኛው የጠጪው መብዛት ሳይሆን ተደብቆ ይገባ የነበረው ሻይ ወደ መዝገቡ መምጣቱ ነው። የሱፍ ጨርቅ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከ1700 ጀምሮ ያለ ቀረጥ ይወጣ ስለነበር ነጋዴው አብዝቶ ቢያስመዘግብ የሚከፍለው ነገር አልነበረም። እኔ ለእያንዳንዱ መስመር አስቀድሜ የምጠይቀው «ይህን ያስመዘገበው ሰው ስንት ይከፍልበት ነበር?» የሚለውን ነው።

መልስ 3፦
ወደ መርከቦቹ ከተሻገሩ የቶን ቁጥሩንም ይጠርጥሩት። የ1786 የመርከብ ምዝገባ ሕግ ልኬቱን ከማጥበቁ በፊት፣ የወደብ ክፍያ በቶን ይታሰብ ስለነበር ካፒቴኑ የመርከቡን ቶን አሳንሶ መናገር ይጠቅመው ነበር። የመርከቡን ስም፣ ካፒቴኑን፣ ነጋዴውንና ጭነቱን በየዕለቱ የሚያሳዩት ከ1565 የሚጀምሩት የወደብ መጻሕፍት ናቸው። የሚያሳዝነው፣ የለንደን መጻሕፍት ከ1697 ወዲህ ያሉት እንዲወገዱ ተደርገዋል፤ እንደ ግሎስተር ያሉት ወደቦች ግን ብዙ ተርፎላቸዋል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግራፉን ስያሜ «በቋሚ ተመን የተሰላ መጠን» ብዬ ለውጬዋለሁ፤ ሻዩንም ቀረጡ ከወረደበት ዓመት በፊትና በኋላ ብዬ በሁለት ከፍዬዋለሁ።